ጦጣና ፀሐይ ያላየው ካባ

ተረቴ ደጅ ቆሟል፤ በሩን ክፈቱለት፣ መቀመጫም ስጡት።

ድሮ፣ አራዊት ሁሉ ልብስ ይለብሱ በነበረበት ዘመን፣ ልዋጭ የምትነግድ አንዲት ጦጣ ነበረች። ማሰሮና ገንቦ አዝላ በየመንደሩ ትዞራለች፤ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ትላለች፤ ሸክላ ሰጥታ አሮጌ ልብስ ትቀበላለች፤ አጥባና ጠቅማ ለሌላ ትሸጣለች። ኑሮዋም ይኸው ነበር።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበረ። ያገለገለ ልብስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባለቤቱ ደጅ ያወጣዋል፤ በፀሐይ ይዘረጋዋል፤ አገላብጦ ያየዋል፤ ከዚያም «የሚለብሰው በጤና ይልበሰው» ብሎ ይመርቃል። ይህ ያልተደረገለትን ልብስ ደፍሮ የሚለብስ አልነበረም።

አንድ ቀን ጦጣ እመት ሚዳቋ ቤት ገባች። እመት ሚዳቋ ባሏ የሞተባት ናት። ክረምቱ ደርሷል፤ ጣሪያዋ ያፈሳል፤ የሚያፈሰውን ውኃ የምትቀበልበት ዕቃ እንኳ አልነበራትም። ከጨለማው ጓዳ፣ ከሣጥኑ ሥር፣ ጥቀርሻ የዋጠውን የባሏን ካባ አወጣች።

«ይኸውልሽ እህቴ፤ የማይረባ ጨርቅ ነው። ሁለት ገንቦ ብትሰጪኝ ይበቃኛል» አለች።

ጦጣ የካባውን ጠርዝ ዳሰሰችው። ወርቀ ዘቦ፣ የወርቅ ክር ሥራ! ከአንበሳ ግምጃ ቤት በሽልማት ካልወጣ በቀር ከየትም የማይገኝ። ጣቶቿ ዐወቁ፤ ፊቷ ግን እንዳላወቀ ሆነ።

«ሁለት ገንቦ ይበዛበታል። ለአንቺ ስል ግን ይሁን» አለች።

«እንግዲያስ ደጅ ላውጣና ልመርቀው።»

«ዝናብ ሊመጣ ነው እኮ! እዚሁ መርቂው።»

ሚዳቋ በጨለማ መረቀችው። ጦጣም ጠቅልላ አቁማዳዋ ውስጥ ከተተችው።

መንገድ ላይ ካባው ከአቁማዳው ውስጥ ተናገረ።

«ሚዳቋ አይታኛለች?»

«አንተ ዝም በል! ዋጋህን ማወቅ የእኔ ሙያ ነው» አለች ጦጣ።

«ሙያሽን አልነካሁም። ሚዳቋ አይታኛለች ወይ ነው ያልኩት።»

ጦጣ እርምጃዋን አፈጠነች። ወንዝ ወርዳ በእንዶድ አጠበችው፤ ብል የበላውን ጠቀመችው፤ ካባውም እንደ ጥቅምት ማለዳ አበራ። «አጠብኩት፣ ጠቀምኩት፣ ተሸከምኩት፤ ትርፉ የላቤ ነው» አለች በልቧ። ግማሹ እውነት ነበረ።

መጀመሪያ ብላታ ከርከሮ ዘንድ ሄደች። ብላታ ልጁን ሊድር ተፍ ተፍ ይል ነበር። ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተንጎራደደ።

«አንድ ጎተራ ማሽላ እሰጥሻለሁ። ባለቤቱ በፀሐይ መርቆታል?»

«መርቃዋለች እንጂ!» አለች ጦጣ።

«በጨለማ» አለ ካባው።

ብላታ ከርከሮ ካባውን ከትከሻው አወረደ። «እኔ ልጅ ልድር ነው እንጂ ነገር ልለብስ አይደለም» ብሎ መለሰላት።

ቀጥላ እትዬ ሰጎን ዘንድ ሄደች። በዚህ ጊዜ ግን ካባው እንዳይናገር አንገትጌውን በጨርቅ ጠቅጥቃ ነበር።

«ይህስ ለእኔ የተሰፋ ነው! የጤፍ ጎተራዬን ከነክዳኑ ውሰጂ። ባለቤቱ በፀሐይ መርቆታል?» አለች ሰጎን።

«መርቃዋለች! ያውም እያለቀሰች።»

«በጨለማ» አለ ካባው በታችኛው ዘርፉ።

ሰጎን አንገቷን አስግጋ ሳቀች። «አይ ጦጢት! የካባ አፍ የት እንደሆነ እንኳ ሳታውቂ ነው የምትነግጂው?»

ወሬው ከጦጣ ቀድሞ መንደሮቹን አዳረሰ። «ልዋጭ!» ስትል በር ይዘጋል። «ልዋጭ!» ስትል ልጆች ከአጥር ጀርባ «በጨለማ! በጨለማ!» ይሏታል። ማሰሮዋ ሳይራገፍ ይዛው ትመለሳለች። አሮጌ ልብስ የሚሰጣት ከሌለ ጠቅማ የምትሸጠው የለም፤ የምትሸጠው ከሌለም የምትበላው የለም።

ያልተዘጋው በር የአያ ጅቦ ብቻ ነበር።

«ነይ ጦጢት፣ ግቢ! ካባውን ወዲህ በይ። ሙሉ ቀፎ ማር አለልሽ» አላት።

ጦጣ ጥያቄውን ጠበቀች። ጅቦ ግን አልጠየቀም።

«አያ ጅቦ፣ ባለቤቱ መርቆታል ወይ አይሉኝም?»

«ምን አገባኝ? ካባው ወርቅ ነው፤ አበቃ።»

«እንግዲያስ ቀፎውን ደጅ ላውጣና ልየው።»

«ዝናብ ሊመጣ ነው እኮ!» አለ ጅቦ። «እዚሁ ጨለማ ውስጥ ተቀበይኝና ተሸክመሽ ሂጂ።»

ጦጣ ክው አለች። ቃሉ የራሷ ነበረ። ቀፎው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ መክፈት አላስፈለጋትም። ካባውን አንሥታ ወጣች፤ ሳትቆምም ሚዳቋ ደጅ ደረሰች።

«እመት ሚዳቋ፣ ውጪልኝ!»

ካባውን በፀሐይ ዘረጋችው። ሚዳቋ አየችው። የወርቁን ክር በጣቷ ተከተለችው።

«በጨለማ ስትዳስሺው ዐውቀሽ ነበር?»

«ዐውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ሙያዬ መስሎኝ።»

«ዋጋውን ማወቅስ ሙያሽ ነው። እኔን ከፀሐይ መከልከል ግን የማን ሙያ ነው?»

ሚዳቋ ካባውን አገላበጠች፤ ብል በልቶት የነበረውን ቦታ ፈልጋ አጣችው። ያን ጊዜ ፊቷ ጥቂት ፈታ አለ።

«ስፌትሽ መልካም ነው» አለች። ከዚያም እጇን ዘርግታ «የሚለብሰው በጤና ይልበሰው» ብላ መረቀች።

ሁለቱም አብረው ብላታ ከርከሮ ዘንድ ሄዱ። ብላታም ጠየቀ፤ ካባውም «በፀሐይ» ብሎ መለሰ። ከጎተራው ማሽላ ጦጣ የማጠቢያዋን፣ የመጥቀሚያዋንና የመሸከሚያዋን ወሰደች፤ ካሰበችው ያነሰ፣ ከሁለቱ ገንቦዎች ግን እጅግ የበለጠ። በቀረው ሚዳቋ ጣሪያዋን አስከደነች። ገንቦዎቹም ከእንግዲህ የጣሪያ ሳይሆን የምንጭ ውኃ ይቀዳባቸው ጀመር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልዋጭ ነጋዴ የሰው ጓዳ አይገባም፤ ደጅ ቆሞ፣ በፀሐይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ያገለገለን ውድ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ያጠበ፣ የጠገነ፣ የተሸከመ ያትርፍ። ነውሩ ሻጩ የሚሸጠውን እንዳያይ ማድረግ ነው።

ተረቴ ይህን ብሎ ተነሣ። በሩን ክፍት ትቶታል፤ አትዝጉት፣ ብርሃን ይግባበት።