የድንኳን ሰፊው ሚስት ማን እንደሆነች ስትጠየቅ

አንድ ጓንጉል የሚባል ድንኳን ሰፊ ነበር። ሚስቱ ትርንጎም አብራው ትሰፋ ነበር፤ እሱ ሸራውን ሲወጥር እሷ ትሰፋለች፣ እሷ ሲደክማት እሱ መርፌውን ይቀበላታል። በእነሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ መታኝ ያለ ሰው በዚያ አገር አልተሰማም።

በዚያው አገር ታዲያ ሰው ስለ ራሱ መልካም መናገር ነውር ነበር። ቤተ መንግሥት ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚናገርለት ዘመድ ይዞ ይቀርባል። ሥራ ፈላጊው ራሱ ኩታውን አደግድጎ መሬት መሬቱን ያያል። ቢጠየቅም አባቱንና አያቱን ይቆጥራል እንጂ ስለ እጁ ሥራ ትንፍሽ አይልም።

የንጉሡ የድንኳን ሹም ሲሞት ጓንጉል ለቦታው ቀረበ። ይናገርልኛል ያለው ዘመዱ ታሞ ስለቀረ ብቻውን ገባ። የግቢው አዛዥ፣ “እስቲ ራስህን አስተዋውቅ” አለው። ጓንጉል አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ሙያውን ያስተማሩትን ሰው አመሰገነ።

“አንተስ?” አለ አዛዡ።

“እኔማ ምን ሰው ነኝ ጌታዬ፤ እርስዎ ያውቃሉ።”

“እኔ በምን አውቄ?” አለ አዛዡ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። “ቀጣዩ ይግባ።”

ቀጣዩ የድንኳን ነጋዴ ነበር። በልዑሉ ሠርግ የተተከለውን ትልቁን ነጭ ድንኳን፣ “የእጄ ሥራ ነው” አለ። ድንኳኑን ከጓንጉል ገዝቶ ነው የሸጠው። ጓንጉል እዚያው በር ላይ ቆሞ ሰማ። ሰውን በሹማምንት ፊት ማሳፈር ነውር መሰለውና ዝም አለ። ነጋዴው ተሾመ። ጓንጉል ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ሰው ስም ሰፋ። ሲሞትም፣ “ከሹሙ ሠራተኞች አንዱ ሞተ” ተባለ።

ትርንጎ ይህን የሰማችው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ነው። ድንኳኑን የሰፋው ራሱ ጓንጉል ነበር።

ሐዘኗ ሳይወጣላት ያ ነጋዴ ወደ ሌላ ሹመት ከፍ አለ፤ ቦታው ክፍት ሆነ። ደርሶ የሚባለው የባሏ ወንድም ግን፣ “እኔ ቤት ግቢ፤ ከልጆቼ ጋር ትበያለሽ። መርፌውን ተዪው” አላት። መርፌውን ከተወች ከጓንጉል ጋር የኖረችው ዘመን ሁሉ አብሮት እንደሚቀበር ታወቃት። “ለቦታው እቀርባለሁ” አለችው።

“እንግዲያው አንቺ ዝም በይ፤ እኔ እናገርልሻለሁ።”

አዛዡ ፊት ሲቆሙ ደርሶ ጀመረ። “ጌታዬ፣ ይህች ምስኪን ባሏ የሞተባት ናት። ጧሪ የላት፣ ወገን የላት። ለነፍስዎ ብለው...”

አዛዡ ቀና ብሎም አላያትም። “ከጎተራ እህል ስፈሩላት” አለ።

“እህል ልለምን አልመጣሁም” አለች ትርንጎ።

ደርሶ ነጠላዋን ጎተት አድርጎ፣ “ኧረ ዝም በይ” አላት።

“ዝም ያለውን ቀብሬ ነው የመጣሁት” አለችውና ወደ አዛዡ ዞረች። “ጌታዬ፣ ትርንጎ እባላለሁ። ድንኳን ሰፊ ነኝ። ስፌቴን ደርቤ ስለምዘጋው ዝናብ አያልፈውም። ምሰሶ ማቆም አልችልም፤ ለዚያ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ያስፈልጉኛል። የሠርጉን ነጭ ድንኳን የሰፋነው ባሌ ጓንጉልና እኔ ነን፤ ጣሪያውን እሱ፣ ግድግዳውን እኔ። የመጣሁት ሹመቱን ፈልጌ ነው።”

“አፍሽ ስለታም ነው” አለ አዛዡ። “ባልሽ ትዝ ይለኛል፤ እሱ እንዲህ አልነበረም። ጨዋ ሰው ነበር።”

“ጨዋነቱን ወደዱለት፤ እንጀራውን ግን ለሌላ ሰጡበት። እሱ ምንም አይደለሁም ሲልዎ አመኑት። ያኛው ሁሉም የእኔ ነው ሲልዎም አመኑት። ሸማ ሲገዙ እንኳ ገልብጠው ያያሉ ጌታዬ፤ ሰው ሲመርጡ አንዲት ጥያቄ መጨመር ከበደዎት?”

አዛዡ ጢሙን አሻሸ። ደስ አላለውም። “ክረምት እየገባ ነው፤ የጦሩ ድንኳኖች ያፈሳሉ” አለ በመጨረሻ። “ሹመቱ ያንቺ ይሁን። ካፈሰሱ ግን ይህ ምላስሽ አያድንሽም።”

“ካፈሰሱ እኔን ይጠይቁኝ፤ በማንም አላሳብብም።”

ከግቢው እንደወጡ ደርሶ፣ “አዋረድሽን። ጓንጉል ቢሰማሽ ምን ይል ነበር?” አላት።

ትርንጎ መንገዱ መሃል ቆመች። “በጓንጉልም ተናድጃለሁ” አለች። “ዕድሜያችንን ሙሉ አብረን የሰፋነውን በአንዲት ቃል ከንቱ አደረገው። ስለ ራሱ ብቻ የተናገረ መሰለው፤ የእኔም እጅ እኮ እዚያ ውስጥ ነበር። አሁን ተነሥቶ ቢሆን ይህንኑ በነገርኩት።” ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

ለሥራ ቀርባችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ ስትባሉ ስማችሁን፣ የምትችሉትን፣ የማትችሉትንና የመጣችሁበትን ጉዳይ በግልጽ ተናገሩ። የሌላውን ድካም የራሳችሁ አታድርጉ፤ የራሳችሁንም ለቀማኛ አትተዉ። ስለ ሥራው ዝም ያለ ሰው ቦታውን ባዶ ይተዋል፤ ያን ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ውሸታም ደግሞ ከበር ላይ ጠፍቶ አያውቅም። በጠያቂ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁም፣ ያቀረቀረውን ሰው አንዲት ጥያቄ ሳትጨምሩለት አታሰናብቱ።

እስቲ አስቡት፤ “እኔ ምን ሰው ነኝ” ስትሉ፣ አብሯችሁ የደከመ የማን እጅ ነው ከንቱ የሚቀረው?