ጭብጨባ ያደከማት ዓሣ ነባሪ

ተረት ተረት ስል የላም በረት ትሉኝ የለ? የዛሬው ግን በረት አያውቅም፤ በረዶ ከሚንሳፈፍበት ከሰሜን ባሕር ነው።

አንዲት የደከማት አሮጊት ዓሣ ነባሪ ነበረች። ልትተነፍስ ብቅ ባለች ቁጥር ጀልባ ሙሉ ሰው ያጨበጭብላታል። ጀርባዋን አሳርፋ ትንሽ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል፣ ጀልባዋ ሞተሯን እያስጮኸች ከች ትላለች።

"አንቺ ሆዳም! ያለሁበትን ለጀልባዋ የምትጠቁሚው አንቺ ነሽ አይደል?" አለቻት፣ ከአናቷ በላይ የምታንዣብበዋን የባሕር ወፍ።

"እኔ ምን አደረግሁ እማማ? እርስዎ ሲወጡ ዓሣው አብሮ ይወጣል፤ ለሆዴ ነው የምመጣው። ጀልባዋ ብትከተለኝ ምን ላድርግ?"

ጀልባዋ ደግሞ ሰው ማስደሰት ነፍሷ ነበርና፣ "እማማ፣ እንግዶቼ ከሩቅ አገር ነው የመጡት። እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ጅራትዎን ያሳዩአቸው!" አለች።

ዓሣ ነባሪዋ ጅራቷን ሽቅብ አንስታ ወደ ጥልቁ ወረደች።

"ሰላም አለችን!" ብለው ሰዎቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን መሰናበቷ ነበር።

በማግስቱ ጀልባዋ "ወፏ ታውቃለች" ብላ ወፏን ተከተለች። ወፏም "ጀልባዋ ታውቃለች" ብላ ጀልባዋን ተከተለች። እንዲህ ሲዞሩ ዋሉ፤ ሰዎቹም ባዶ ውሃ ፎቶ ሲያነሱ ዋሉ።

ከዚያ በጣም ርቃ አሮጊቷ ብቅ አለችና እፎይ ብላ ተነፈሰች። ማንም አላጨበጨበም።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅር። ብቻ እንዳታጨበጭቡ፣ ደክሞኛል።