የጉርማው ወፍጮ ቁልፍ

በአንድ ወቅት ጉርማ የምትባል የወንዝ ዳር መንደር ነበረች። ሰዎቿ መብራት ይገባላችኋል እየተባሉ ሲጠብቁ አረጁ። በኋላ «እንግዲህ ራሳችን!» አሉና በደቦ ቦይ ቆፍረው፣ ወንዙን ጠልፈው በውሃ እየተሽከረከረ መብራት የሚያመነጭ ትንሽ ተርባይን ተከሉ። ባለቤቱም መንደሩ ሁሉ ሆነ። በየቤቱና በጤና ኬላው መብራት ገባ፤ በዚያው ኃይል የሚሠራ ወፍጮም ቆመ። ወፍጮውን የሚያሠራ ሰው ከሚፈጨው እህል ድርሻ እንዲያገኝ ተስማሙ። ድርሻው ግን አንድ ቤተሰብ እንጂ ሁለት አያኖርም። የወፍጮውን ቁልፍ ሦስት ሰዎች ጠየቁ።

ደብሪቱ ጌሾ ሸጣ አዳሪ ነበረች። ቦዩ በጌሾዋ መሀል ያልፋል ሲባል ሽማግሌ እስኪላክባት አልጠበቀችም፤ መጥረቢያ አንስታ ራሷ መነጠረችው። መንደሩ አጨበጨበ፣ መረቃት፣ ወደ ቤቱ ገባ። እሷ ዛሬ የሰው ማሳ እያረመች ታድራለች።

ዳምጠው ድንጋይ ፈላጭ ነበር። አለት ቦዩን ሲዘጋው ሌላው አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። እሱ አለቱን በእሳት አግሎ ውሃ ቢደፋበት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ፍንጣሪው ግን አንድ ዓይኑን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ መዶሻው ከድንጋዩ ይልቅ ጣቱን እየመታ ሥራውን አስተወው።

ይማም ከቦዩ በታች ሽንኩርት ያለማ ነበር። «ውሃዬን ለምትወስዱበት ጉድጓድ አልቆፍርም» ብሎ ደቦ ቀረ፤ በጉርማ ደግሞ ደቦ የቀረ ከፍሬው አይካፈልም። በበጋ ውሃው ለተርባይኑም ለሽንኩርቱም አልበቃ አለ። ውሃ የሚያካፍሉት የውሃ አባት፣ አያ ነገደ፣ ደንቡን አልደበቁም። «ቀድሞ ያለማኸው አንተ ነህ። ተርባይኑን ብታቆም ማንም አይከለክልህም» አሉት። ይማም አካፋውን ይዞ ወጣ። እሱ ግን የራሱን መስኖ ደፍኖ ተመለሰ። ሽንኩርቱ ደረቀ።

«ምነው?» ሲሉት፣ «የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ከቆመ የሚታመመው የማን ልጅ ነው?» አለ።

አሁን ሦስቱም ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመዋል፤ ቁልፉን የሚሰጡት አያ ነገደ ናቸው።

«ጌሾዬን ባልመነጥር ቦዩ በየት ያልፍ ነበር?» አለች ደብሪቱ።

«ካለፈስ በኋላ አለቱን ማን ሰበረው?» አለ ዳምጠው።

ይማም፣ «እኔ ደቦ አልወጣሁም፤ እሱን አልክድም» አለ። «ግን በጋ በመጣ ቁጥር ውሃዬን ትወስዳላችሁ።»

ከመንደሩ ሰው አንዱ «በተራ ይሥሩበት» ቢል አያ ነገደ ተቆጡ። «ሦስት ቤት ላስርብ ነው?»

ቁልፉን የማያገኙት ሁለቱ ሥራ ፍለጋ አገር ጥለው መሄዳቸው ነው። መብራቱን ላመጡ ሰዎች ይህ ግፍ ነው፤ እኔም ሳስበው ያንገበግበኛል። ግን ቁልፉ አንድ ነው።

እናንተ በአያ ነገደ ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር? ሌሎቹን ሁለቱንስ ፊታቸውን እያያችሁ ምን ትሏቸው ነበር?