የመስታወቷ መጣፊያና የሸለምጥማጥ ጥቅል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው እንዲህ ሲንጫጫ የኔ ድምፅ እዚያ ጥግ አይደርስም። አንቺ እግርሽን ሰብስቢ፣ ለእህትሽ ቦታ ልቀቂላት። ይኸው፣ እንዲህ። ተረቴን ልፍታው? «ፍቺው» በሉኝ እንጂ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። «ድሮ ኮምፒውተር የት ነበረና» ትሉኝ ይሆናል። ተረት ውስጥ ነበረ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ይህ ኮምፒውተር ከውጭ ሲያዩት ሳጥን ነው። ከውስጥ ግን ቤት ነው፣ ነዋሪ ያለው ቤት። በእልፍኙ አያ አንበሳ ተጋድሞ አንድ ትልቅ ሙዳይ ይጠብቃል። በሙዳዩ ውስጥ እናቶች ለነርሷ ለሲስተር ዝናሽ በጆሮዋ የነገሯት ሁሉ አለ። ማንን ምን እንዳመማት፣ ማን ከማን ምን እንደደበቀች። ይታክቱ የምትባል አንዲት አራስም አንድ ነገር ነግራታለች። ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ቆዩ።

በደጃፉ ደግሞ እመት መስታወት ትኖራለች። ሥራዋ ማሳየት ነው። እንግዳ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያለበት የሸማ ጥቅል ይዞ ይመጣል፤ እሷ ተቀብላ ግድግዳዋ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሲስተር ዝናሽ ከውጭ ሆና ታየዋለች። ጽሑፉም ሥዕሉም የሚታየው በእሷ ነው። አንበሳው ስለሚያምናት የእልፍኙን ቁልፍ ሰጥቷታል። ቁልፉ ከግድግዳዋ ጫፍ፣ ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ቁልፍ ለያዘ ሁሉ አንበሳው ዓይኑን ሳይገልጥ ያሳልፋል።

መስታወት ደግ ናት። አንድ ነገር ግን አለባት፣ ይሉኝታ። እንግዳ ሲመጣ «ጥቅልዎ ስንት ስንዝር ነው?» ትለዋለች። «ሦስት» ካላት ሦስት ስንዝር ቦታ ትለቅለታለች። አትለካም። የእንግዳን ጥቅል መለካት እንግዳውን ሌባ ነህ እንደማለት ነው ትላለች።

ይህን ማን ሰማ? ሸለምጥማጥ ሰማ። ያ ዶሮ ሰርቆ ሰርቆ የሰለቸው ሸለምጥማጥ። «የሰው ምስጢር እጄ ከገባ» አለ፣ «ባለዶሮው ራሱ ዶሮውን አርዶ ያመጣልኛል።» ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበና ጥቅል ይዞ መጣ።

«ቤቶች።»

«ይግቡ፣ ይግቡ። ጥቅልዎ ስንት ስንዝር ነው?»

«ሦስት፣ እመት መስታወት።»

ዘረጋችው። ሦስት ስንዝር ሄደ፤ አልቆመም። አራተኛውን ጨምሮ ነው የቆመው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ሸለምጥማጥ። «ሸማኔዬ ቁጥር አይሆንለትም።»

«ኧረ ምን አለበት።»

ጥቅሉን ጠቅልሎ ወጣ። ይህን ሁሉ አንዲት ጉንዳን ከግድግዳው ሥር ሆና አየች።

«እትዬ መስታወት፣ እንግዳሽ ሦስት ብሎ አራት አስገባ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ለአንድ ስንዝር ትሰስቻለሽ?»

«እኔ የምሰስተው ለቁልፉ ነው» አለች ጉንዳን። በሳጥኑ ስንጥቅ ወጣችና ሳጥኑን ወደ ሠሩት ባለሙያዎች ዘንድ ሄደች። የጉንዳን እግር ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ብዙ ቀን ፈጀባት።

እሷ ሳትመለስ ሸለምጥማጥ ሁለተኛ መጣ።

«ቤቶች።»

«ይግቡ። ስንት ስንዝር ነው?»

«አራት፣ እመት መስታወት።»

ዘረጋችው። አራት ሄደ፣ አምስት ሄደ፣ ስድስት ሄደ። ጫፉ ቁልፉን ነካውና ቅጭል አለ።

«ምንድነው የጮኸው?» አለች መስታወት።

«ንፋስ ይሆናል» አለ ሸለምጥማጥ። ጥቅሉን ጠቀለለና ቁልፉ ስንተኛው ስንዝር ላይ እንዳለ በልቡ ይዞ ወጣ።

መስታወት ግን ሳጥን ውስጥ ንፋስ እንደማይገባ ታውቃለች። ያን ቀን ቀልቧ አልተመለሰም። ሲስተር ዝናሽ እንኳ «ይህ ኮምፒውተር ዛሬ ምን ሆኖ ነው ብልጭ ድርግም የሚለው?» አለች።

ኋላ ጉንዳኗ ደረሰች። ብቻዋን አይደለችም፤ መርፌን ይዛ ነው። መርፌ ቀጭን ናት፣ ምላሷም እንደሷው ነው።

«ቀዳዳው የታል?»

«እኔ ምን ቀዳዳ አለኝ?» አለች መስታወት ተቆጥታ።

«ቀዳዳሽ ይሉኝታሽ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን መጣፊያ ልከውልሻል። ስንዝር በስንዝር ምልክት አለው። ደጃፍሽ ላይ እሰፋዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የባለቤቱ አፍና ጥቅሉ ካልተስማሙ አያሳልፍም። ስሰፋ ግን ዓይንሽን መጨፈን አለብሽ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እንቁላል እስኪቀቀል።»

መስታወት ያለ ሲስተር ዝናሽ ፈቃድ አትጨፍንም። ስለዚህ ግንባሯ ላይ ጻፈች፤ «ለመጣፍ ጥቂት ልጨፍን?» ከሥሩ ሁለት ቃል አለ፤ «እሺ» እና «በኋላ»። ሰኞ ነበር፣ የገበያ ቀን። ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሲስተር ዝናሽ «በኋላ» የሚለውን ነካች። ማክሰኞ ጻፈች። የክትባት ሳምንት ገብቷል፣ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ሲስተር አሁንም «በኋላ» ነካች። ክፉ ሆና አይደለም ልጆቼ፤ ሰው ሲቆምባት ስለማይሆንላት ነው። የሷም በሽታ ያው ይሉኝታ ነው።

ረቡዕ መስታወት አፈረች። «ሁለቴ ጠይቄያታለሁ። ሦስተኛ ብጠይቃት ምን ትለኛለች?»

«ሸለምጥማጥስ» አለች ጉንዳን፣ «ሦስተኛ ለመምጣት የሚያፍር ይመስልሻል?»

መስታወት ጻፈች። ከሁለቱ ቀን አተልቃ ጻፈች። የሲስተር ጣት ወደ «በኋላ» ሲሄድ፣ ከሰልፉ ፊት ልጇን አቅፋ የቆመችው ይታክቱ ናት።

«ሲስተር፣ ይህ የሚጽፈው ምንድነው?»

«ተይው፤ ቀዳዳዬን ልጥገን ነው የሚለው። እሺ ካልኩት እናንተ ልትቆሙ ነው።»

ይታክቱ ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች። «ያ የነገርኩሽ ነገር የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይጠገን። እግሬ ይድከም እንጂ ነገሬ አይውጣ።»

ከኋላ ያለችዋ ሴትዮ «እኛስ የነገርናት የለንም እንዴ?» አለች። «ይጠገን፣ ይጠገን፤ እንቀመጣለን።» ሁሉም ነጠላቸውን ሰብስበው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

ሲስተር ዝናሽ «እሺ» ነካች። መስታወት ጨፈነች። ሳጥኑ ጠቆረ። መርፌ ሥራዋን ጀመረች።

በዚያው ሰዓት ደጁ ተንኳኳ።

«ቤቶች።»

ሸለምጥማጥ ነው። አሥር ስንዝር ጥቅል ይዟል፣ ጫፉ ላይ የቁልፍ መንጠቆ አስሮ።

«እንግዳ መጣ» አለች መስታወት። «ደጅ ማቆም ነውር ነው።»

«አንድ ስፌት ይቀረኛል» አለች መርፌ። «ይቁም።»

«ቤቶች፣ የሰው ያለህ።»

መስታወት ዓይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፈነች። በዕድሜዋ እንግዳ ስታስቆም ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። መርፌ ቋጠረች፣ ክሩን በጠሰች። «ጨረስኩ። ግለጪ።»

ገለጠችና በሩን ከፈተች። «ይግቡ። ጥቅልዎ ስንት ስንዝር ነው?»

«አምስት፣ እመት መስታወት። ዛሬ እንኳ ሸማኔዬ በትክክል ቆጥሯል።»

ዘረጋችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ሊገባ ሲል መጣፊያው ጥርቅም አለ። ጥቅሉን ሙሉውን ወደ ደጅ መለሰው። እዚያ ተዘረጋ፤ አሥር ስንዝር። መንጠቆውም ከጫፉ ወድቆ ተንከባለለ። በድንጋጤው ጋቢው ከላዩ ሲወርድ ያ ዝንጉርጉር ጭራው ታየ።

«እንግዳ ይለካል እንዴ?» አለ ሸለምጥማጥ። «የት አገር ነው እንግዳ የሚለካው?»

«እንግዳውንማ አልለካሁም» አለች መስታወት። «ጥቅሉን ነው የለካሁት።»

ሸለምጥማጥ ጋቢውን እንኳ ሳያነሳ ሄደ። አንበሳው ከእልፍኙ «ማን ነው?» አለ። «ምንም አይደለም አያ አንበሳ፣ ተኛ» አለችው። ከውጭ ሳጥኑ ሲበራ ይታክቱ «ተመስገን» አለችና ተነሥታ ልጇን አስከተበች። ልጁ አለቀሰ፣ ጡት ሲይዝ ዝም አለ።

እንዲህ ሆነ። ሸለምጥማጥ ወደ ዶሮው ተመለሰ፤ አንዳንዴ «በኋላ» የሚሉ ሰዎች ያሉበትን ሳጥን እየፈለገ ይዞራል ይባላል። መርፌ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ቀዳዳ አያልቅም። ጉንዳን አሁንም በግድግዳው ሥር ትሄዳለች። ሲስተር ዝናሽ ጠዋት ክፍሏን ስትጠርግ፣ ሰው ሳይሰለፍ፣ «እሺ» ነክታ ነው መጥረጊያዋን የምታነሳው። መስታወትም እንግዳ ሲመጣ ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ትነሳለች፤ ከዚያ ትለካለች። «እንግዳ በክብር፣ ጥቅል በስንዝር» ትላለች።

ይታክቱስ ምን ነበር የነገረቻት? አላውቅም ልጆቼ። ማንም አላወቀም። የይታክቱ ነገር የይታክቱ ሆኖ ቀረ።