ዶክተር ልዑልሰገድ በቀይ ያረሙት ፋይል

አንድ ቀን፣ እኛ በተማርንበት የምህንድስና ኮሌጅ፣ ምስጋናው የሚባል ጓደኛችን የመመረቂያ ሥራውን ይዞ አማካሪው ዘንድ ቀረበ። ሥራው የካልኩሌተር ፕሮግራም ነው። ግራፍ የሚስሉትን፣ ሰፊ መስኮት ያላቸውን ካልኩሌተሮች ታውቋቸው የለ? በአንዱ ላይ የድልድይ ስሌት ሠርቶ ግራፉን ቁልጭ አድርጎ የሚስል ፕሮግራም ጻፈ። ታዲያ አማካሪው ዶክተር ልዑልሰገድ ካልፈረሙ ምስጋናው አይመረቅም፤ ቤተሰቦቹ ደግሞ በጉን ገዝተው፣ ዘመድ ጠርተው ጨርሰዋል።

ዶክተር ልዑልሰገድ የማያውቁት ነገር የለም። ማለቴ፣ «አላውቅም» ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም። ስለ ከብት በሽታ ብትጠይቋቸው መልስ አላቸው። የጎረቤት ዲሽ ሲበላሽ ደጅ ቆመው ጣሪያ ላይ የወጣውን ሰው የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ደግሞ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው፦ በወረቀት ታትሞ በቀይ እስክሪብቶ ያላረሙት ሥራ ላይ አይፈርሙም።

«አትመህ አምጣው» አሉት።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ባይነሪ ፋይል ነው። ለካልኩሌተሩ እንጂ ለሰው ዓይን የተጻፈ አይደለም። ካልኩሌተሩ ላይ ላሳይዎት?»

«ባይነሪ ለኔ ልታስተምር ነው? አትም ብያለሁ!»

ምን ያድርግ። ፋይሉን ደብዳቤ በሚጻፍበት ፕሮግራም ከፍቶ አተመው። የወጣው ነገር ጉድ ነው። አናቱ ላይ ጥቂት ኮከቦች፣ ከዚያ የዶሮ ጭረት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሳጥን፣ እንደገና የዶሮ ጭረት። ዶክተሩ መነጽራቸውን አጠለቁና ልክ እንደ ተማሪ ድርሰት ያርሙት ጀመር።

«እነዚህ ኮከቦች ምንድን ናቸው? የሠርግ ካርድ ነው እንዴ? ይውጡ!»

«ዶክተር፣ ካልኩሌተሩ ፋይሉ የራሱ መሆኑን የሚለየው በነሱ ነው እኮ።»

«ይውጡ አልኩ! ይሄ ሳጥን ደግሞ ለምን ይደጋገማል? አንዱ ይበቃል።»

ምስጋናው ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጦ፣ ቅጂውን በታረመው መሠረት አስተካከለና ካልኩሌተሩ ላይ ጫነው። ካልኩሌተሩ «የማይታወቅ ፋይል» ብሎ መለሰው። ዶክተሩ ምንም አልደነገጡም።

«ካልኩሌተርህ ጥራት የለውም። ጽሑፍህም አይረባም። ነገ ሁለተኛዋ ፈታኝ ባሉበት ተሽሎ ካልመጣ የሚቀጥለው ዓመት እንገናኝ።»

የሚቀጥለው ዓመት! በጉስ? ዘመዱስ? ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። እኛም ጉዱ ፈላ ብለን ስናዝንለት አመሸን።

በማግስቱ ግን ምስጋናው ተረጋግቶ፣ ዋናውን ፋይል የጫነበትን ካልኩሌተርና አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ከዶክተሩ ጎን ሁለተኛዋ ፈታኝ፣ መምህርት ስንዱ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ወረቀቱን ከእጁ መንጭቀው አዩት። ያው የዶሮ ጭረት ነው። ቀይ እስክሪብቷቸውን መዘዙ።

«ጭራሽ ባሰበት! መምህርት፣ እስኪ ይዩልኝ። ሲጀመር ቅጥ የለው። መሃሉ ያለ ልክ ተነፍቷል። ታችኛው ተንዘላዝሏል። እኔ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! ይሄን ይዘህ ሰው ፊት ስትቀርብ ትንሽ አታፍርም?»

ምስጋናው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በታላቅ ትሕትና መለሰ፦

«ዶክተር፣ እኔ እንኳ ደህና መስሎኝ ነበር። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ለምረቃ መጽሔቱ የሰጡን የራስዎ ፎቶ ነው፤ ፋይሉን ልክ እንደ ትናንቱ በደብዳቤ መጻፊያው ከፍቼ አተምኩት። እሺ፣ መሃሉን ምን ያህል ልቀንስልዎት?»

መምህርት ስንዱ ሳቃቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዶክተሩ ካልኩሌተሩን ተቀብለው ግራፉን አዩና ያለ አንድ ቀይ ጭረት ፈረሙ፤ ፎቶው ግን ምንም ሳይቀነስለት እንዲወጣ አደራ አሉ።