ሌላ መንገድ የለኝ

አንድ እስረኛ ነበር፤ ጥጋቡ የሚባል። ገበሬ ነው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ጎረቤቱን ሙጬን በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። አንድ ጊዜ በቃው።

ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። ፊደል የቆጠረው እዚያው እስር ቤት ውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ የታሰረው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ አያልሰው ደም ፈርቶ፣ መሬቱን ጦም አሳድሮ ከአገር ጠፍቷል። የሟች ወንድም መሣሪያውን ወልውሎ ይጠብቃል። አንድ ዱላ ስንት ቤት እንደሚዘጋ አያችሁ?

በዘጠነኛው ዓመት ሽማግሌዎች ወደ ሟች እናት፣ ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ሄዱ። ለመኑ፤ እናትየው እምቢ አሉ። ደግመው ለመኑ። በመጨረሻ እሳቸው እንዲህ አሉ፦

“እሄዳለሁ። አፉን እሰማዋለሁ። ከዚያ የምለውን እላለሁ።”

ይህ ወሬ ጥጋቡ ጆሮ ገባ። እንቅልፍ አጣ። ምን ይበል? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

በዚያው ሰሞን ወሰንየለሽ የምትባል መምህርት በሳምንት ሁለት ቀን እስረኞቹን ግጥም ታስተምር ነበር። አንድ የታወቀ ግጥም ሰሌዳ ላይ ትጽፍላቸዋለች። ታነብላቸዋለች። ከዚያ፣ “በሉ፣ የገጣሚውን ዱካ ተከተሉ፤ ጫማውን ግን እንዳትወስዱ። የራሳችሁን ጻፉ” ትላቸዋለች።

ያን ቀን የጻፈችው የበደለውን ሰው ደጅ ሊጠና ስለሚሄድ ሰው ነበር። እንዲህ ይጀምራል፦

ብመጣ ከሩቁ ከዋክብት ለብሼ፣
ትከፍቺልኝ ይሆን እንባዬን ጨርሼ?

“እናንተም ‘ብመጣ’ ብላችሁ ጀምሩ” አለቻቸው።

ጥጋቡ ልቡ ዘለለ። የምፈልገውን አገኘሁ አለ! ግጥሙን አንድም ቃል ሳይለውጥ ገለበጠውና አስረከበ።

መምህርቷ ወረቀቱን አይታ ለብቻው ጠራችው።

“ጋሼ ጥጋቡ፣ ይሄ እኮ የገጣሚው ነው።”

“አዎ፣ መምህርት። ለሟች እናት የምለው እሱን ነው። ከዚህ የተሻለ እኔ ከየት አመጣለሁ?”

ልትቆጣው ነበር፤ የሟች እናት ሲል ግን ቁጣዋ በረደ። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

“ገጣሚው ከዋክብት ለብሶ ነው የሚመጣው። አንተስ?”

ጥጋቡ የተጣፈ ሱሪውን አየ።

“እሺ፣ እሳቸው ቤት ብትሄድ በየት በኩል ነው የምትሄደው?”

“በቦዩ በኩል” አለ። “ሙጬን በመታሁበት። ሌላ መንገድ የለም።”

“እሱን ጻፋ።”

ሦስት ቀን ጻፈ። ሦስት ቀን ሰረዘ። በዱላ የማይደክም ክንድ በእርሳስ ደከመ።

የዕርቁ ቀን ደረሰ። እናትየው ከቀረው ልጃቸው ጋር እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ጥጋቡ እንደ ደንቡ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መሬት ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ የሚባለውን ሁሉ አስጠንተውታል። እሱ ግን ያጠናውን ትቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ እንዲህ አለ፦

ብመጣ በቦዩ፣ ሌላ መንገድ የለኝ፣
ውሃው የልጅሽን ስም ጠርቶ አስቆመኝ።
ብመጣስ እናቴ፣ ምን ይዤ ልምጣልሽ?
የወሰድሁብሽን መልሼ አልሰጥሽ።

“ማነው ያስጠናህ?” አሉ እናትየው።

“አጀማመሩን ከሌላ ሰው ተማርሁ፣ እናቴ። ቃሉ የኔ ነው።”

“ድገመው።”

ደገመው።

“ዘጠኝ ዓመት” አሉ፣ “ውሃ የምቀዳው በተራራው ዞሬ ነው። በዚያ ቦይ ማለፍ ያቃተኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። “ድንጋዩን አውርድለት።”

ልጁ እናቱን አየ። ጥጋቡን አየ። ድንጋዩን አወረደለት።

ተቃቀፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተቃቀፉም። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ሽማግሌዎቹን፣ “ለወንድሙ ንገሩት፤ ተመልሶ ይረስ። ከእኔ ቤት ማንም አይነካውም” ብለው ሄዱ። አያልሰው በዚያው ክረምት መሬቱን አረሰ።

ወገኖቼ፣ የገጣሚው ግጥም መጥፎ ነበር? አልነበረም! እሱ ባይኖር የጥጋቡ አፍ ባልተፈታ። እኛም አባቶቻችን ያቆዩልንን የንስሐ ጸሎት እንደግማለን፤ ደግሞም ይገባናል። እነሱ መጀመሪያውን ሰጥተውናል። ግን “በድያለሁ” ስትሉ ማንን? ምን አድርጋችሁ? የቱ ጋ? ይህን አባቶቻችን ሊጽፉልን አይችሉም። የናንተን ቦይ አያውቁትማ!

የሰው ደጅ ስንሄድስ? “ካስቀየምኩህ ይቅርታ” እንላለን። ካስቀየምኩህ! ምን ማለት ነው “ካ”? አታውቁትም? እህትህን ከአባቷ ቤት ያስወጣሃት አንተ፣ ታውቀዋለህ። የባልንጀራሽን ምስጢር ገበያ ያወጣሽው አንቺ፣ ታውቂዋለሽ። ይህን የምለው ላሳፍራችሁ አይደለም፤ እኔም ራሴ ስንት ጊዜ በዚያች “ካ” ሥር ተደብቄአለሁ።

ይህን ስናገር ፊቱ የመጣባችሁ ሰው አለ አይደል? አለ። እሱ ጋ ሂዱ። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። ቃል ቢያጥራችሁ፣ አጭር ይሁን።