ለእልልታ የተባለ ቃል

አንድ ሰባኪ ነበረ፤ ስሙ መምህር ጸዳሉ ይባላል። የተወለደው እዚያው በሚያስተምርባት ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዪቱም በእሱ ስትኮራ ለጉድ ነበር። "ሌላው ሀገር ሰባኪ በልመና ያስመጣል፤ እኛ ከማህፀናችን አወጣን" ይላሉ ሰዎቿ። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጠላ ቤት ሳይቀር የሚነሳው የእሱ ስም ነው።

እውነት ለመናገር መምህር ጸዳሉ የሚያኮራ ሰው ነበር። ሲያስተምር የተጣላ ይታረቃል፤ የከፋው ይጽናናል። የማያውቀውን ሲጠይቁትም "ይህን አላውቅም፤ አባቶችን ጠይቄ እነግራችኋለሁ" ይል ነበር። እያደር ግን እልልታው በዛ። ቀሚሱን የሚስሙ፣ የረገጠውን አፈር በመሀረብ የሚቋጥሩ መጡ። እሱም መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ ቆይቶ ለመደው፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ የቀረበት ቀን ይከፋው ጀመር። እልል ያልተባለበት ስብከት የከሸፈ ይመስለዋል። ቃል ሲመርጥ "እውነት ነው ወይ?" ማለቱን ትቶ "እልል ያሰኛል ወይ?" ማለት ጀመረ።

አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉባኤው ሊያበቃ ሲል እንየው የሚባል ገበሬ ከሕዝቡ መካከል ተነሳ።

"መምህር፣" አለ እጅ ነስቶ፣ "ባለቤቴን አትጠገብን ሆዷን እየቆረጠ አላስተኛት ብሏል። ጠበል ወስጃታለሁ። ሐኪሞቹ ደግሞ ሆዷ ካልተከፈተ አይሆንም አሉ። እኛ ፈራን። ምን ይሻለናል?"

መምህር ጸዳሉ ስለ ሆድ ሕመም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። "እኔ አላውቅም፤ ሐኪሞቹን ስማቸው" የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ አፍ አፉን ሲያየው አየ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት "አላውቅም" ማለት ከበደው።

"በእግዚአብሔር እጅ ያለ ገላ፣" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የሰው ቢላዋ አያስፈልገውም!"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እንየው መሬት ስሞ፣ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቃሉ ከተማዪቱን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሳምንቱ ሳይጋመስ መምህር ጸዳሉ ጸበል ጸዲቅ ተጠርቶ ሲወጣ፣ አንዲት ባጃጅ ጀርባ ላይ ያው ንግግሩ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ከሥሩ ስሙ ሰፍሮ አገኘ። ቆሞ አነበበው። ደረቱን ነፋ።

"አንተ ነህ ያጻፍከው?" አለው ባለ ባጃጁን።

"እኔ ነኝ መምህር! ይግቡ፣ እኔ አደርስዎታለሁ። ዛሬ እርስዎን ጭኜ በከተማው መሀል ባልፍ ከኔ በላይ ሰው የለም!"

ትንሽ እንደሄዱ ባለ ባጃጁ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣ "የእንየው ሚስት ግን ጠንቶባታል አሉ" አለ።

"ሐኪም ቤት አልወሰዳትም?"

"ምን ነካዎት መምህር! እርስዎ ቢላዋ አያስፈልግም ብለው? ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ቢመጣ፣ 'የመምህርን ቃል አላፈርስም' ብሎ ከበር መለሳቸው እኮ።"

መምህር ጸዳሉ የባለ ባጃጁን ትከሻ ጨበጠ። "አዙረው" አለ። "ወደ እንየው ቤት። ቶሎ!"

ሲደርሱ አትጠገብ መደብ ላይ ተጠቅልላ ታቃስታለች። ግንባሯ እሳት ነው። እንየው መምህሩን ሲያይ በደስታ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሞከረ።

"ተነስ፣ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አለው መምህሩ።

እንየው ፈዝዞ አየው። "እምነቴን ሊፈትኑኝ ነው መምህር?"

ከዚህ ጥያቄ በላይ መምህር ጸዳሉን የወጋው ነገር በዕድሜው አልነበረም። እንየውን በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ፣ "አይደለም ወንድሜ። ያን ቃል እግዚአብሔር አላለኝም። ለእልልታ ነው የተናገርኩት። የማላውቀውን ነው የነገርኩህ" አለው።

እንየው ይህን ሲሰማ ሚስቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። አትጠገብን አቅፈው ባጃጇ ውስጥ አስገቧት፤ ራሷን ጭኑ ላይ ያደረገው መምህር ጸዳሉ ነበር። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ለጸሎት ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሐኪሞቹ ተቀብለው ሆዷን ከፈቱ፤ ተረፈችም። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ሲወጣ፣ "እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ ለቀብር ነበር የምትሰባሰቡት" አላቸው።

አትጠገብ ድና በመጣችበት እሑድ መምህር ጸዳሉ ሕዝቡ ፊት ቆመ።

"ለእንየው የሰጠሁት መልስ ከራሴ ነው፤ ከእግዚአብሔር አይደለም" አለ። "እናንተን ደስ እንዲላችሁ ብዬ ሰው ልገድል ነበር። ይቅር በሉኝ።"

አትጠገብ ሆዷን በእጇ ደግፋ ተነሳች።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ መምህር" አለች። "ግን ለብቻዎ አይሸከሙት። እልል ያልነው እኛ ነን። 'አላውቅም' እንዳይሉ ያደረግንዎ እኛው ነን።"

ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው፣ "እንዲህ ያለ ትሑት መምህር ከየት ይገኛል!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹም እልልታውን ጀመሩት።

መምህር ጸዳሉ ሁለት እጁን አነሳ። "ኧረ ተዉ፣ ስለ እግዚአብሔር! ለዚህም እልል ካላችሁልኝ ነገ ደግሞ ለመመስገን ብዬ ትሑት እሆናለሁ።"

እልልታው ቆመ። ሁሉም ተነስቶ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ከተማዪቱ ያን ቀን በልጇ ከምንጊዜውም በላይ ኮራች፤ ኩራቷን ግን በሆዷ ያዘችው።

ወዳጄ፣ ያስተማረህን ማክበር መልካም ነው። ጸልይለት፣ ሲደክም ደግፈው፣ ሲሳሳት በፍቅር ንገረው። ለፈጣሪ የሚገባውን ውዳሴ ግን አትጫንበት፤ የሰው ትከሻ አይችለውም። እሱ ሲወድቅ ሥሩ የቆመው ደካማ አብሮ ይደቅቃል። አንተም አስተማሪ ከሆንክ "አላውቅም" ማለት ያቃተህን ቀን ፍራው።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ የምትወደውን ሰባኪ ባለፈው ያመሰገንከው ስለ ተናገረው እውነት ነው ወይስ ስለ አነጋገሩ?